ኮምቦልቻ፦ ባሕር ሳይኖራት በወደብ መንገድ ያደገችው የደሴ ጎረቤት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 376 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ኮምቦልቻን ያገኛል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥቶ 401ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ደሴ ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የከፍታቸው ልዩነት ከ600 ሜትር ይበልጣል። ማለዳ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ጋቢውን ማውለቁ የተለመደ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መንገዱ ብቻ አይደለም። የቦርከና ወንዝ በደሴ ሥር አልፎ፣ ገደሉን ሰንጥቆ፣ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ያመራል።

ደሴ የቤተ መንግሥትና የአስተዳደር ከተማ ሆና ተቆረቆረች። ኮምቦልቻ ግን በመንገድ የመጣች ከተማ ናት። ባሕር የላትም፤ ታሪኳ ግን ከአሰብ ወደብ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። ወደቡ ሲሠራ ሠርታለች፣ ሲዘጋም አብራ ተጎድታለች። ዛሬ ደግሞ የደረቅ ወደብ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና የባቡር ሐዲድ ይዛ፣ ቀድሞ ማሽላና ጤፍ ይዘራበት በነበረው ሜዳ ላይ በፍጥነት እየሰፋች ትገኛለች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮከቡ እስከ አይጠየፍ

የደሴ ስም አወጣጥ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1875 ዓ.ም. ግድም በአካባቢው ሰፍረው ሳለ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ እሳቸውም በሁኔታው ተደንቀው ቦታውን «ደሴ» ማለትም «ደስታዬ» አሉት ይባላል። በዚያው ዘመን በመላው ዓለም በዓይን የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ የሥነ ፈለክ መዛግብት ያረጋግጣሉ። ስለዚህ ትውፊቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ታላቁ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደበት ሥፍራ ነው። የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት በዚያው ሰሞን ነው።

ራስ ሚካኤል ደሴን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ ከተማዋ የጦር ሰፈርነቷን እየተወች የአገር ማዕከል መሆን ጀመረች። በ1906 ዓ.ም. በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲደፉ፣ ደሴ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የሚጠራ የፖለቲካ ሥፍራ ነበረች። የግብር አዳራሻቸው «አይጠየፍ» መባሉ ትርጉም አለው፤ ድሃና ሀብታም፣ ሹምና ጭሰኛ ሳይለይ የሚበላበት ማለት ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሲሆኑ የወሎ የበላይነት አበቃ። ከተማዋ ግን አልፈረሰችም። ገበያዋ፣ አድባራቷና መስጊዶቿ ሥር ሰድደው ስለነበር የባለሥልጣን መለዋወጥ ሊነቅላቸው አልቻለም። በ1923 ዓ.ም. መርዕድ አዝማች የተባሉት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የወሎ ገዥ ሆነው ሲሾሙም መቀመጫቸው ይህችው ደሴ ነበረች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኮምቦልቻ የምትነሣው እምብዛም ነው። የቆላው ሜዳ የእርሻና የግጦሽ ቦታ ነበር። ከአፋር በባቲ በኩል ጨው ጭነው የሚመጡ ግመሎችም ወደ ደጋው የሚወጡት በዚያ አካባቢ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኝ ትልቅ ገበያ ሆኖ እስከ ዛሬ የዘለቀው ከዚያ የሲራራ ንግድ የተነሣ ነው።

የቦምቡ ቀንና የጣሊያን መንገድ

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሲጀመር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ከተመቱት መካከል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የተነሣው በዚያ ዕለት ሲሆን በመላው ዓለም ጋዜጦች ታትሟል። ከማይጨው ውጊያ በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ደሴን ያዙ፤ ወደ አዲስ አበባ የዘመተው በመኪና የታጀበ ሠራዊታቸውም የተነሣው ከዚሁ ነው።

ወረራው አምስት ዓመት ብቻ ቢቆይም በአካባቢው አቀማመጥ ላይ የተወው አሻራ ከዕድሜው የበለጠ ነው። አዲስ አበባን ከደሴና ከአሥመራ የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ፤ የጣርማ በር ዋሻም ተፈለፈለ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል በረሃውን አቋርጦ አሰብ የሚደርሰው መንገድ ሲዘረጋ ደግሞ ኮምቦልቻ መስቀለኛ መንገድ ሆነች። ሜዳማ በመሆኗ የአውሮፕላን ማረፊያም ተሠራባት። ዛሬም ቢሆን በአውሮፕላን የሚጓዝ የደሴ ሰው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ነው የሚሳፈረው። የደሴው «ፒያሳ» ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ለነገሩ የደሴን ትዝታ የሚይዘው ስሙ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ሱቆችና ሻይ ቤቶች ናቸው።

በ1933 ዓ.ም. የነፃነቱ ጦርነት ወደ አካባቢው ሲደርስ ዋናው ውጊያ የተካሄደው ደሴ ላይ ሳይሆን በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ነው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና ኢትዮጵያውያን አርበኞች ለቀናት ተዋግተው የጣሊያንን ምሽግ ከሰበሩ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተለቀቀች። ከዚያ ወዲህ በመጡት ጦርነቶችም ይኸው ሥርዓት ተደግሟል፤ ደሴን ለመያዝ የሚፈልግ ኮምቦልቻን፣ ኮምቦልቻን ለመያዝ የሚፈልግም ደሴን መያዝ አለበት።

የአሰብ ዘመን

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ አሰብ የአገሪቱ ዋና የገቢ በር ሆነች። በ1959 ዓ.ም. የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር በመንገዱ የሚመላለሱት ቦቴዎችና ከባድ መኪኖች በዙ። ሾፌሩ የሚያድርበት ቤት፣ ጎማ የሚለጠፍበት ጋራዥ፣ ማታ ትኩስ ምግብ የሚገኝበት ምግብ ቤት አስፈለገ። ኮምቦልቻን ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት ይህ የዕለት ተዕለት ፍላጎት እንጂ በወረቀት ላይ የሠፈረ ዕቅድ አልነበረም። በኋላ ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው የቆላ መንገድ ሲከፈት ከአሰብ የሚመጣው ጭነት ከፊሉ በዚያ በኩል መሄድ ጀመረ። የወሎና የሰሜኑ ጭነት ግን በኮምቦልቻ ማለፉን ቀጠለ።

መንገዱ ያመጣው ጭነትን ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ድርቅና ረሃብ በጸና ጊዜ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲደገም፣ አርሶ አደሩ ከቀየው ተነሥቶ የደረሰው በዚሁ መንገድ ዳር ነው። ብዙዎች ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር በሠፈራ ተወሰዱ። ሌሎች ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ ዳርቻ በቀን ሥራ ተጠግተው ቀሩ። ዛሬ በሁለቱ ከተሞች ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ የአመጣጣቸውን ታሪክ ሲተርኩ ከእነዚህ ሁለት ዘመናት አንዱን ሳይጠቅሱ አያልፉም። የከተማ ዕድገት ሁልጊዜ ከብልጽግና እንደማይመነጭ የሚያሳይ ሐቅ ቢሆንም በይፋዊ የከተማ ታሪኮች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ አይታይም።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በደሴ መሀል የሚገኙት የተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶች የዚያ አዋጅ ቅሪቶች ናቸው። ኪራያቸው አነስተኛ ነው፤ እድሳታቸው ግን የማን ኃላፊነት እንደሆነ ሳይለይ ቆርቆሯቸው እየዛገ፣ ጭቃው እየረገፈ፣ አንዱ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። በዚያው መንግሥት ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። የከተማዋ ጠባይ ከሾፌርና ከነጋዴ ወደ ፋብሪካ ሠራተኛ መዞር የጀመረው ያኔ ነው። የሥጋ ማቀነባበሪያና የቆዳ ፋብሪካዎችም ነበሩ፤ የቢራ ፋብሪካው በ1990 ዓ.ም. ግድም ተጨመረ።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በኢሕአዴግ እጅ ወደቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላም የደርግ መንግሥት አበቃ። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላም የአሰብ መንገድ ለተወሰኑ ዓመታት ክፍት ነበር። የ1990ው የድንበር ጦርነት ሲፈነዳ ግን ተዘጋ። ወደ አሰብ ይወርድ የነበረው መኪና አቅጣጫውን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የኮምቦልቻ አልጋ ቤቶችና ጋራዦች በአንድ ጊዜ አልተዘጉም፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ ባሕር የሚያየው የከተማዋ በር ጠበበ።

ደሴ ለምን ሽቅብ ትሄዳለች?

ደሴ የተቀመጠችው በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል በተኛ ጠባብ ሸለቆ ላይ ነው። ለጦር ሰፈር የሚመች ይህ አቀማመጥ ለከተማ መስፋፊያ አይመችም። ነዋሪው በበዛ ቁጥር ቤቱ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ደን የለበሰው ቁልቁለት ሲመነጠር፣ የክረምቱ ጎርፍ ሲበረታና አፈሩ ውኃ ሲጠግብ መሬቱ ይንሸራተታል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የደሴን አካባቢ ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ መሆኑን በተደጋጋሚ አጥንተዋል። የቦርከና ወንዝ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድበት ገደልም ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። ግድግዳው በየክረምቱ የሚሰነጠቅ ቤት ያለው ሰው ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በደሴ አስተዳደር ሥር 151,174 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህ 120,095 የሚሆኑት በከተማ ይኖሩ ነበር። በኮምቦልቻ ደግሞ ከ85,367 ነዋሪዎች መካከል የከተማ ነዋሪዎቹ 58,667 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ትምህርት ቤትም ሆነ የውኃ መስመር የሚታቀደው በግምት ነው። ይህ ለአንባቢ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ውኃ በሚደርሰው ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን የግምቱ ስሕተት በጀሪካን ይለካል።

ደሴ ቦታ ሲጠባት ኮምቦልቻ ተቀባይ ሆነች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ዋናውን ግቢ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ትምህርቱን በኮምቦልቻ ማድረጉ የሁለቱን ከተሞች የሥራ ክፍፍል በግልጽ ያሳያል። በጠዋት ሚኒባስ ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ የሚታከም ወይም የሚነግድ ሰው ይመላለሳል። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ወይም መንገዱ በናዳ ሲዘጋ ሁለቱም ከተሞች ሥራ ይፈታሉ።

ፓርኩ፣ ሐዲዱና የአርሶ አደሩ ማሳ

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመረቀ። በ75 ሄክታር ላይ ያረፈው ይህ ፓርክ የተገነባው በቻይና ተቋራጭ ሲሆን 90 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። የጣሊያን፣ የአሜሪካና የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ለማምረት ገቡበት። ከገጠር የመጡ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ በስፌት መስመሮች ላይ ተሰለፉ። ለብዙዎቹ በስማቸው የተከፈለ የመጀመሪያ ደመወዝ ይህ ነበር። የቤት ኪራይ ግን ከደመወዙ ፈጥኖ ስለሚጨምር አንዲት ጠባብ ክፍል ለአራትና ለአምስት መከራየት የተለመደ ሆነ።

በዚያው ጊዜ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ ይሠራ ነበር። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ተራሮች ተበሱ፣ ሐዲዱም ኮምቦልቻ ደረሰ። መስመሩ ከደረቅ ወደቡ ጋር ተዳምሮ ከተማዋን እንደገና ከባሕር ጋር ያገናኛታል የሚል ተስፋ ነበር። ሆኖም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አልፈዋል። የሰሜኑ ጦርነትም በመስመሩ ላይ ጉዳት አድርሷል።

መንገዱም፣ ፓርኩም፣ ሐዲዱም ያረፉት ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። የኮምቦልቻ ሜዳ በወሎ ውስጥ ውኃ ገብና ለጥ ያለ ከሆኑት ጥቂት የእርሻ ቦታዎች አንዱ ነው። የፓርኩ መሬት በተወሰደበት ወቅት በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ማሳውን ለዘለቄታው የሚለቅ አርሶ አደር የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ በጎ ይመስላል። ነገር ግን ድርቅ ያለባቸውን ዓመታት ጭምር በአማካይ ስለሚያስገባ፣ የተከፈለውም ገንዘብ በዋጋ ንረት ስለሚሸረሸር፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ መሬት በጥቂት ዓመታት ወጪ ይተካል።

ይህን ቅሬታ ከግምት በማስገባት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ለውጧል። አሁን የሚወሰደው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ሲሆን የሚባዛውም በአሥራ አምስት ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ባለይዞታ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል። የኋለኛው ሕግ ግን ቀድሞ የለቀቁትን አይመለከትም። በዚህም የተነሣ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ድንበር ተዋስነው ያረሱ ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ሕግ ሊካሱ ይችላሉ። በከተማው ዳርቻ ያሉ አርሶ አደሮች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውንና የምርት መጠናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ በጥንቃቄ መያዛቸው ለዚህ ነው የሚጠቅመው፤ ካሣው የሚሰላው በማስረጃው ነውና።

የ2014ቱ ኅዳር

በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲሰፋ ከሰሜን ወሎና ከአካባቢው የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ደሴ ገቡ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ቀድሞም የተጨናነቀችው ከተማ እንግዳዋን በየቤቱ ተካፈለች። ከጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ቀናት የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ተፈናቃዩም ተቀባዩም አብረው እንደገና ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። ቀኑ የ1928ቱ ድብደባ ከደረሰበት ዕለት በአንድ ቀን ብቻ የሚርቅ ነው።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት የደሴ ሆስፒታል፣ ሙዚየሙ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። የፋብሪካ ማሽን በገንዘብ ይተካል፤ በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ ይገኝ የነበረውን የሙዚየም ቅርስ ግን የሚሸጥ የለም። ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ታገደች። ከዝርፊያው ገና ያልተነሡት የልብስ አምራቾች ሁለተኛ ጉዳት ደረሰባቸው። ሥራ ያጡት ወጣቶች ከፊሎቹ ወደ ገጠር ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። ከፊሎቹ ደግሞ በባቲና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር የሚወስደውን አደገኛ መንገድ ያዙ፤ በሌላ አነጋገር ያው የጥንቱ የባሕር መንገድ ነው።

ቦርከና ምን ይዞ ይወርዳል?

ስለ ሁለቱ ከተሞች ሲጻፍ የሚረሳው ወንዙ ነው። ቦርከና የደሴን የመኖሪያ ቤት ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ተቀብሎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያም ፋብሪካዎች በሚገኙባቸው ሰፈሮች የሚያልፉ ትናንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል። በእነዚህ ገባር ወንዞች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ክሮሚየምና ዚንክን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር እንደሚገቡ አሳይተዋል። ክሮሚየም በተለይ ከቆዳ ማልፋት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃው በዓይን ሲታይ ጥሩ ቢመስልም ብረቱ በደለሉ ውስጥ ይከማቻል፤ በደለሉ ላይ የበቀለውን አትክልትና ሣርም ሊበክል ይችላል።

ከኮምቦልቻ በታች ያለው አርሶ አደር በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው፣ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚህ ወንዝ ነው። ወንዙ ከዚያ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይደርሳል፤ በድርቅ ጊዜ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሰፊ የግጦሽ ቦታ ነው። የበጋ ፍሰት ሲቀንስ የፋብሪካው ፍሳሽ ከጠቅላላው ውኃ የሚይዘው ድርሻ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለመስኖም ሆነ ለከብት በጣም አሳሳቢው ወቅት ወንዙ ጎርፍ የሚያመጣበት ነሐሴ ሳይሆን ውኃው የሚያንስበት ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት ከፋብሪካዎቹ በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ወይም ከጉድጓድ የሚቀዳ ውኃ ማግኘት የሚችል አልሚ፣ ቢያንስ ቅጠላቸው በጥሬው ለሚበላ አትክልቶች ያንን ቢጠቀም ይመረጣል። ፓርኩ የራሱ የፍሳሽ ማጣሪያ እንዲኖረው ታስቦ ተሠርቷል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ፋብሪካዎች፣ የደሴ ቧንቧዎችና በየሰፈሩ ያሉት መጸዳጃ ቤቶች ግን የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው።